የጋዝ ምድጃው መመሪያ ያልነገረን

ቡለን፣ አክስቴ ቤት፣ ከአዲሱ የጋዝ ምድጃ ጋር የመጣውን መመሪያ አነበብኩት። «የጋዝ ሽታ ከሸተታችሁ መስኮት ክፈቱ» ይላል። ስህተት ነው አልልም፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው የነገረን። ለምን መሰላችሁ? ፕሮፔን ከአየር 1.5 እጥፍ፣ ቡቴን ደግሞ 2 እጥፍ ገደማ ይከብዳል። ካመለጠ ወርዶ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ መስኮቱ ያለው ከላይ ነው። መጀመሪያ ሲሊንደሩ ይዘጋ፣ ከዚያ በሩ ይከፈት። የአክስቴ በር ደግሞ ከፍ ያለ ደፍ አለው።

ይህን ጣጣ በደንብ የሚያውቁት በሸራ ጀልባ የሚጓዙ ሰዎች ናቸው። ጀልባ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ነው፤ ከታች ለተኛ ጋዝ መውጫ የለውም። ስለዚህ ሲሊንደሩን ለብቻው ሳጥን ውስጥ ያስቀምጡታል፤ ከሳጥኑ ግርጌ ጋዙን ወደ ውጭ የሚያወጣ ቀዳዳ አለ።

«እሳቱ ከደከመ ሬጉሌተር ቀይሩ» የሚለው ግን አናደደኝ። መጀመሪያ እዩ እንጂ! ከሁለቱ ምድጃ አንዱ ብቻ ከደከመ፣ የሱ ቀዳዳ ተደፍኖ ይሆናል፤ ሬጉሌተሩ ምን አደረገ? ሁለቱም ሲደክሙ ነው ወደ ሲሊንደሩ፣ ወደ ጎማውና ወደ ሬጉሌተሩ የምንሄደው።

ስለ ሳሙና ደግሞ አንድም መስመር የለም። ምድጃውን ዘግታችሁ ሲሊንደሩን ክፈቱ፤ መገጣጠሚያዎቹን የሳሙና ውሃ ቀቡ። አረፋ የሚነፋው ጋዝ የሚያመልጥበት ቦታ ላይ ነው። አክስቴ ይህን ስነግራት «እኔ እኮ በክብሪት ነበር የማየው» አለችኝ። ደነገጥኩ።

ሲሊንደሩን በረንዳ ላይ ልናወጣው ሞከርን፤ ጎማው አልደርስ አለ። ረዘም ያለ እስኪገኝ በከሰል እየሠራች ነው።