እንዶድ በእርግጥ የናኖ ቅርጽ ያወጣል?

በጎንደርና በሰሜን ጎንደር ደጋ ያደገ ሰው እንዶድን ያውቀዋል። ፍሬው ተወቅጦ በውኃ ሲታሽ አረፋ ያወጣል፤ ነጠላና ጋቢ ያነጣል። አረፋውን የሚያመጣው ሳፖኒን ነው፤ በኬሚስቶች አጠራር ሰርፋክታንት፣ ማለትም አንዱ ጫፉ ውኃ ወዳድ፣ ሌላው ከውኃ የሚሸሽ ሞለኪውል።

ሰርፋክታንት ውኃ ውስጥ ሲበዛ ሞለኪውሎቹ ተሰብስበው ሚሴል የሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ድቡልቡሎች ወይም ዘንጎች ይሠራሉ። ወርቅ አንጥረኛ በሰም ቅርጽ አውጥቶ፣ በጭቃ ሸፍኖ፣ ሰሙን እንደሚያቀልጠው ሁሉ፣ በሚሴሎቹ ዙሪያ ኦክሳይድ ይረጋና ሰርፋክታንቱ በምድጃ ይቃጠላል። የሚሴሉ ቅርጽ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። የሞቢል ኩባንያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1992 ይህንን በሲሊካ አሳዩ፤ በ1998 ሌሎች ዘዴውን ለቲታኒየም፣ ለዚርኮኒየምና ለመሰል ኦክሳይዶች አሰፉት።

ወደ ነገሬ ልግባ። በዩኒቨርሲቲዎቻችን ከዕፅዋት ጭማቂ የዚንክና የመዳብ ኦክሳይድ ናኖ ቅንጣት መሥራት የተለመደ የመመረቂያ ሥራ ሆኗል። እሰየው! ግን «ሳፖኒኑ ቅርጽ አውጥቷል» የሚል ዓረፍተ ነገር ስታነቡ ቆም በሉ። ዚንክ ኦክሳይድ እኮ ያለ ማንም እርዳታ ዘንግ ሆኖ ማደግ ይችላል፤ ክሪስታሉ ባለ ስድስት ጎን ነውና ወደ አንድ አቅጣጫ መርዘም ይቀናዋል። የዘንጉ ፎቶ ብቻውን ስለ እንዶድ ምንም አይነግረንም። የኤክስሬይ ግራፉም ብዙ ጊዜ ከ10 ወይም ከ20 ዲግሪ ይጀምራል፤ በሥርዓት የተደረደሩ የሚሴል አሻራዎች የሚታዩት ግን ከዚያ በታች፣ በጥቂት ዲግሪዎች ላይ ነው። ታዲያ ያልተፈለገበት ቦታ እንዴት «ተገኘ» ይባላል? ቀጣዩ ተማሪ ደግሞ ያችኑ ዓረፍተ ነገር ጠቅሶ ሁለት ዓመቱን ይገብርባታል።

ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ አካባቢ፣ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። በዚህ አላበቁም፤ በሕይወት ያሉትን ይዘው የእንዶድ አረፋ አስጨመሩባቸው። ሞቱ። የብልሃርዚያው ምርምር ከዚያ ተነሣ።

እዚህም የሚያስፈልገው ያው ማነጻጸር ነው፤ አንድ ብርጭቆ ያለ እንዶድ፣ አንድ ሚሴል ከሚፈጠርበት መጠን በታች፣ አንድ ከዚያ በላይ። አሲድነቱም በሦስቱም እኩል ይሁን፤ ጭማቂው ሳፖኒን ብቻ አይደለማ። ውጤቱ ሳፖኒኑ ቅንጣቶቹን ሸፍኖ ከመጓጎል ብቻ እንደከለከለ ካሳየ ያም ጥሩ ግኝት ነው፤ ግን «ሸፈነ» ተብሎ ይጻፍ።