አዮዲን የሚመሰክርለት ቡላ

ከእንሰት የሚወጣው ጥሩ ቡላ በጣቶች መሃል ሲታሽ ቃጫ አይገኝበትም፤ ነጭና ልስልስ ነው። የጌዴኦ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ዓለም ያየው በቡና፣ በእንሰትና በዛፍ ጥላ የተዋበውን ኮረብታ ነው። የእንሰቱን ስታርች ከቃጫው የሚለየው የሴቶች እጅም እኩል አድናቆት ይገባዋል።

የእንሰቱ ግንድ ንብርብር ተገንጥሎ በቀርከሃ መፋቂያ ይፋቃል፤ ሥጋው ይወርዳል፣ ቃጫው ይቀራል። ከተፋቀው የተጨመቀው ፈሳሽ እንዲረጋ ይተዋል። የስታርች ቅንጣት በቀዝቃዛ ውሃ አይሟሟም፤ ከውሃም ይከብዳል። ስለዚህ ቀስ ብሎ ይዘቅጣል። ላዩ ሳይደፈርስ ሲቀዳ ከሥር የሚቀረው ነጭ ዝቃጭ ቡላ ነው።

ይህን ቡላ በብዙ ውሃ አፍልተው አቀዝቅዘው አዮዲን ጠብ ቢያደርጉበት ወዲያው ደማቅ ሰማያዊ ይሆናል። ንጹሕ ቃጫ ግን ይህን ቀለም አያወጣም። የሚያስደንቀው ሁለቱም ከግሉኮስ የተሠሩ መሆናቸው ነው። የሚለያቸው ግሉኮሶቹ የተያያዙበት አቅጣጫ ነው። የቃጫው ሰንሰለት ቀጥ ብሎ ይዘረጋል፤ ከጎረቤቱም ጋር ተጣብቆ ይጠነክራል። አሚሎስ በሚባለው የስታርች ክፍል ግን እያንዳንዱ መያያዣ ሰንሰለቱን ትንሽ ያጎብጠዋል።

አዮዲን በንጹሕ ውሃ እምብዛም አይሟሟም፤ የፖታሲየም አዮዳይድ ጨው ሲታከልበት ግን በቀላሉ ይሟሟል። አሚሎሱን ሲያገኝ ሰንሰለቱ በእያንዳንዱ ዙር 6 ግሉኮስ ያህል ይዞ ይጠመዘዛል። መሃሉ ላይ ግማሽ ናኖሜትር ገደማ ስፋት ያለው ክፍተት ይተርፋል፤ ጣት ለቀለበት እንደሚለካ ሁሉ አዮዲን ለዚህ ክፍተት ልክ ነው። የአዮዲን አተሞች ተከታትለው ይሰለፉበታል፤ ረጅሙ ሰልፍ ከብርሃን ቢጫውንና ቀዩን ውጦ ሰማያዊውን ያሳልፋል። ቅርንጫፍ የበዛበት ሌላው የስታርች ክፍል፣ አሚሎፔክቲን፣ ጥምዙ አጭር ስለሆነ ወደ ቀይ ወይን ጠጅ ያደላል። ውህዱ ሲሞቅ ጥምዙ ይላላል፣ ቀለሙም ይጠፋል፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል።

ሰማያዊውን ቀለም እ.ኤ.አ. በ1814 ለሳይንስ ያስተዋወቁት ፈረንሳውያን ኬሚስቶች ናቸው። አዮዲን በቀለም የሚለየውን የጌዴኦ ሴቶች በመፋቂያ፣ በውሃና በትዕግሥት ይለዩታል። የጌዴኦዋ ከተማ የዲላ ተማሪ ይህን ሙከራ በተለመደው ድንች ፋንታ በገበያው ቡላ ቢሠራው፣ የኬሚስትሪ ትምህርቱንና የእናቱን ሙያ በአንድ ጊዜ ያውቃል።