በነጭ ጋውን ጥላ ሥር የሚሸጥ ወተት

የሕፃናት ዱቄት ወተት ማስታወቂያ የእናትን ጡት አይነቅፍም፤ እንዲያውም ንግግሩን የሚከፍተው በምስጋና ነው። ለሕፃን ከእናት ጡት ወተት የሚበልጥ ምግብ እንደሌለ ያውጃል፤ ይህንንም ቃል በቆርቆሮው ላይ እንዲያሰፍር ዓለም አቀፉ ደንብ ይጠይቀዋል። ከምስጋናው ቀጥሎ ግን «ነገር ግን» የሚል አነጋገር ይመጣል። ነገር ግን ወተትዎ ያልበቃ እንደሆነ፤ ነገር ግን ሕፃኑ ሌሊቱን ሲያለቅስ ያደረ እንደሆነ፤ ነገር ግን ወደ ሥራ መመለሻዎ የደረሰ እንደሆነ። ምስጋናው የመግቢያ ወግ ነው፤ ሽያጩ የሚፈጸመው ከዚህ በኋላ ነው። ከዱቄቱ አስቀድሞ የሚሸጥ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም እናት በገዛ ጡቷ ላይ የሚያድርባት ጥርጣሬ ነው።

እዚህ ላይ የሚተቸው ዱቄቱ ራሱ አይደለም። እናቱ በሞት ለተለየችው ወይም እንደ ጋላክቶሴሚያ ባለ ሕመም ምክንያት የጡት ወተት ለማይስማማው ሕፃን ተስማሚ የሆነ ተተኪ ምግብ ሕይወት አድን ነው። ሊተች የሚገባው ምርቱ የሚሸጥበት መንገድ፣ ይልቁንም የጤና ባለሙያው በዚህ መንገድ ላይ እንዲይዝ የተደረገው ስፍራ ነው።

ራሱን የሚፈጽም ትንቢት

ጥርጣሬው ይህን ያህል ኃይል ያገኘው ከጡት አሠራር የተነሣ ነው። ጡት እንደ ጋን ተሞልቶ የሚቀዳ፣ በተቀዳ ቁጥርም የሚጎድል ዕቃ አይደለም። ሕፃኑ ሲጠባ ከጡት ጫፍ የሚነሣው የነርቭ መልእክት ፕሮላክቲንና ኦክሲቶሲን የተባሉት ሆርሞኖች እንዲመነጩ ያደርጋል፤ የመጀመሪያው ወተት እንዲመረት፣ ሁለተኛው ደግሞ የተመረተው እንዲፈስ ያደርጋል። ሳይጠባ በጡት ውስጥ የቀረ ወተት በበኩሉ ቀጣዩን ምርት ይቀንሳል። ባጭሩ፣ የወተቱን መጠን የሚወስነው በዋነኛነት የሕፃኑ መጥባት ነው።

በወለደች በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ያለችውን እናት ማሰብ ይበቃል። በጡቷ ያለው እንገር በመጠኑ ጥቂት፣ በጥቅሙ ግን የላቀ ነው። ብዙው ወተት ገና እየመጣ ነው። ሕፃኑ ያለቅሳል፤ ጠያቂ ዘመድ «ምናልባት አልጠገበ ይሆናል» ይላል። በዚህች ሰዓት አንድ ጡጦ ዱቄት ወተት ቢሰጠው ሕፃኑ ጠግቦ ይተኛል፤ ለቀጣዩ መጥባትም ሳይነቃ ይቀራል። ያልተጠባው ጡት ምርቱን ይቀንሳል። በማግሥቱ ሁለት ጡጦ ያስፈልጋል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ «ወተትሽ ላይበቃ ይችላል» ያለው ማስታወቂያ እውነቱን ተናግሮ ይገኛል፤ ትንቢቱን የፈጸመው ግን ራሱ ነው።

የሕፃን ልቅሶም ለዚሁ ዓላማ ይውላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልቅሶ እየጨመረ ሄዶ በስድስተኛው ሳምንት ገደማ ከፍ ማለቱ፣ ከዚያም እየቀነሰ መምጣቱ በጤነኛ ሕፃናት የሚታይ የዕድገት ጠባይ ነው። በማስታወቂያው ዓለም ግን ልቅሶ ሁሉ ጉድለት ነው፤ ለእያንዳንዱ ጉድለትም አንድ ቆርቆሮ አለ። ለሚያስመልሰው፣ ሆዱን ለሚነፋው፣ እንቅልፍ ለሚያጣው እየተባለ የተለመደው የሕፃንነት ጠባይ ወደ በሽታ ስም ይለወጣል።

ከሲንጋፖር እስከ ጄኔቫ

ሐኪሞች ይህን የሽያጭ ስልት የታዘቡት ዛሬ አይደለም። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብለው ከተለዩት በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዛሬዋ ጋና ሲሠሩ ክዋሺዮርኮርን ለሕክምናው ዓለም ያስተዋወቁት ዶክተር ሲስሊ ዊሊያምስ በ1939 በሲንጋፖር ሮተሪ ክበብ «ወተትና ግድያ» በሚል ርዕስ ንግግር አድርገው ነበር። በተሳሳተ የሕፃናት አመጋገብ ቅስቀሳ ሳቢያ የሚደርሰው ሞት እንደ ግድያ ሊቆጠር ይገባል የሚል ነበር መልእክታቸው።

ነገሩ የዓለም አጀንዳ ለመሆን ግን ሦስት አሥርት ዓመታት ያህል ፈጀበት። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ኩባንያዎች የነርስ ልብስ ያለበሷቸውን የሽያጭ ሠራተኞች በአፍሪካ፣ በእስያና በላቲን አሜሪካ ወደ ማዋለጃ ክፍሎች ይልኩ ነበር። በ1974 ዋር ኦን ዎንት የተባለው የእንግሊዝ የበጎ አድራጎት ድርጅት «ሕፃን ገዳዩ» የተሰኘ መጽሔት አሳተመ። አንድ የስዊስ ቡድን ይህንኑ ጽሑፍ ወደ ጀርመንኛ መልሶ ርዕሱን «ኔስሌ ሕፃናትን ይገድላል» ብሎ ስላወጣው ኩባንያው በስም ማጥፋት ከሰሰው። የበርን ፍርድ ቤት በ1976 አሥራ ሦስቱን ተከሳሾች እያንዳንዳቸው 300 የስዊስ ፍራንክ ቀጣ፤ ዳኛው ግን ኩባንያው የማስታወቂያ አሠራሩን ከሥር ጀምሮ እንዲመረምር አሳሰቡ። በ1977 በአሜሪካ የኩባንያውን ምርት ያለመግዛት ዘመቻ ተጀመረ።

በግንቦት 1981 የዓለም ጤና ጉባኤ የእናት ጡት ወተት ተተኪ ምግቦችን ሽያጭ የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ደንብ በ118 ድጋፍ፣ በ3 ድምፀ ተአቅቦና በ1 ተቃውሞ አጸደቀ። ብቸኛዋ ተቃዋሚ አሜሪካ ነበረች። ደንቡ ለሕዝብ ማስታወቂያ መንገርን፣ ለእናቶች ናሙናና ስጦታ መስጠትን፣ በቆርቆሮው ላይ የሕፃን ሥዕል ማተምን ይከለክላል። ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ስለ ጤና ተቋማትና ስለ ጤና ባለሙያዎች ለየብቻ አንቀጽ መያዙ ነው። የደንቡ አርቃቂዎች ገበያው በየት በር እንደሚገባ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር።

ደንቡን የሚዞሩ ቃላት

ደንቡ ከወጣ በኋላ የማስታወቂያው ቋንቋ እየረቀቀ ሄደ። ለአራስ ሕፃን የሚሆነውን ምርት ማስተዋወቅ በታገደበት አገር ከስድስት ወር ወይም ከአንድ ዓመት በላይ ላሉት የሚሆን «ተከታይ ወተት» ብቅ አለ። ቆርቆሮዎቹ በቀለም፣ በአርማና በስም መንታ ናቸው፤ የሚለያቸው 1፣ 2፣ 3 የሚል ቁጥር ብቻ ነው። ሦስተኛውን በቴሌቪዥን ያየች እናት አንደኛውን በመደብር ውስጥ ለይታ ለማወቅ አትቸገርም። ቁጥሮቹ ደግሞ እንደ ትምህርት ቤት ክፍል ተራ ስለሚመስሉ ልጅ ሁሉ በየደረጃው ማለፍ ያለበት ያስመስላሉ። የዓለም ጤና ጉባኤ ግን ተከታይ ወተት አስፈላጊ እንዳልሆነ በ1986 ገልጿል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ለጉባኤው ባቀረበው መመሪያም እስከ ሦስት ዓመት ላሉ ልጆች የሚሸጡት ወተቶች በደንቡ ሥር እንደሚወድቁ ግልጽ አድርጓል።

የማስታወቂያው መድረክም ተለውጧል። የዓለም ጤና ድርጅት በሚያዝያ 2022 ባወጣው ጥናት መሠረት ክትትል የተደረገባቸው የዱቄት ወተት ምርቶች የማኅበራዊ መገናኛ ገጾች በቀን 90 ጊዜ ያህል ጽሑፍና ምስል ያወጡ ነበር፤ የሚደርሱትም ወደ 229 ሚሊዮን ለሚጠጉ ተጠቃሚዎች ነው። ቀድሞ በነርስ ልብስ ወደ ማዋለጃ ክፍል ይገባ የነበረው ሻጭ ዛሬ በእናቲቱ ስልክ ውስጥ፣ በሌሊት፣ ሕፃኑ በሚያለቅስበት ሰዓት ይገኛል።

የጤና ባለሙያው ድርሻ

ይሁን እንጂ ከማስታወቂያ ሁሉ የበለጠ የሚታመነው የሐኪምና የነርስ ቃል ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በስምንት አገሮች 8,500 ወላጆችንና ነፍሰ ጡሮችን፣ 300 የጤና ባለሙያዎችንም አነጋግረው በየካቲት 2022 ባወጡት ጥናት ከሴቶቹ ከአንድ ሦስተኛ በላይ የሚሆኑት አንድን የተወሰነ የዱቄት ወተት ስም የጤና ባለሙያ እንደመከራቸው ተናግረዋል። ይህ አኃዝ በኩባንያዎቹ ላይ ብቻ የቀረበ ክስ ሊሆን አይችልም።

ባለሙያው ራሱን እንደተገዛ አይቆጥርም። የተቀበለው እስክሪብቶ፣ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ፣ የምሳ ግብዣ ወይም የስብሰባ ጉዞ ወጪ ፍርዱን የሚያዛባ ሆኖ አይታየውም። የስጦታው ጥበብም ይኸው ነው። ቀን መቁጠሪያው በምርመራ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ዓመቱን ሙሉ፣ ባለሙያው አንዲት ቃል ሳይተነፍስ፣ ለእናቶች ይመክራል።

ስጦታ ወደ ሳይንሱም ይዘልቃል። በእንግሊዝ ለላም ወተት ፕሮቲን አለርጂ የሚታዘዘው ልዩ ዱቄት ወተት ከ2006 እስከ 2016 ባለው ጊዜ ውስጥ ከ105 ሺህ ገደማ ማዘዣ ተነሥቶ ከ600 ሺህ በላይ ደርሷል። በሽታው በዚያው ልክ ስለመስፋፋቱ ግን ማስረጃ የለም። ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል በ2018 ባወጣው ምርመራ የምርመራው ስምና የኩባንያዎቹ ገንዘብ ምን ያህል እንደተሳሰሩ አሳይቷል። የሚያስመሰግነው፣ ትችቱ ወደ ራስም መመለሱ ነው። በ2019 የብሪታንያ የሕፃናት ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ከዱቄት ወተት አምራቾች ገንዘብ መቀበሉን አቆመ፤ በዚያው ዓመት መጽሔቱም የእነዚህን ምርቶች ማስታወቂያ ማተሙን ተወ። ሌላውን ለመውቀስ የበቁት ገቢያቸውን ከተዉ በኋላ ነው።

ቅቤውና ቆርቆሮው

በኢትዮጵያ ጡት ማጥባት የጸና ልማድ ነው። ይሁንና የ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው ከስድስት ወር በታች ከሚገኙ ሕፃናት ጡት ብቻ የሚጠቡት 58 ከመቶ ነበሩ። ከተቀሩት አብዛኞቹ ከጡት ጋር ውሃ፣ የላም ወተት ወይም ሌላ ነገር ይሰጣቸው ነበር። የጤና ባለሙያዎች፣ በተለይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ እንገር ማፍሰስንና ለአራስ ቅቤ ማላስን ጎጂ ልማድ ብለው ቤት ለቤት ተዋግተዋል፤ ፍሬም አይተውበታል።

ጥያቄው እዚህ ላይ ይነሣል። አያት ከጓዳ ያመጣችውን ቅቤ ያለ ርኅራኄ የሚቃወም ባለሙያ፣ የሽያጭ ወኪል በግራፍና በሥዕል አስጊጦ ያመጣውን ቆርቆሮ በዝምታ የሚያሳልፈው ስለ ምንድን ነው? ሁለቱም ጤነኛውን ሕፃን ከጡት ቀድመው ይደርሱታል፤ ሁለቱም የእናቲቱ ወተት አይበቃም ከሚል እምነት ይነሣሉ። አያቲቱ ቢያንስ የምታተርፈው ነገር የለም።

የቆርቆሮው ጉዳት ደግሞ በድሃ ቤት ይከብዳል። አምስት ኪሎ ግራም የሚመዝን ሕፃን በቀን 750 ሚሊ ሊትር ያህል ወተት ይፈልጋል፤ ለዚህም ወደ 100 ግራም ዱቄት ያስፈልጋል። ስለዚህ ባለ 400 ግራሙ ቆርቆሮ የሚያቆየው አራት ቀን ነው። በወር ሰባት ስምንት ቆርቆሮ መግዛት ያልቻለች እናት ማንኪያውን ትቀንሳለች፣ ውሃውን ታበዛለች፤ ሕፃኑም ሆዱ እየሞላ ይከሳል። በዚያ ላይ ዱቄቱ ከተሕዋስያን ፍጹም የጸዳ አይደለም። ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በማያንስ ሙቅ ውሃ እንዲበጠበጥ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረውም በዚህ ምክንያት ነው። ንጹሕ ውሃና ማገዶ በተቸገሩበት ቤት ይህን በየቀኑ ስድስትና ሰባት ጊዜ መፈጸም ምን እንደሚመስል በሥዕሉ ላይ አይታይም።

አምራቾች ለዚህ ሁሉ የሚሰጡት መልስ የእናትን የመምረጥ መብት ነው። መብቱ እውነተኛ ነው፤ የምትመርጥ እናትም ልትወቀስ አይገባትም። ምርጫ ግን ከሻጭ በማይመነጭ መረጃና በሚያስችል ኑሮ ላይ ይቆማል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዓ.ም. ከወሊድ በኋላ የሚፈቅደው ዕረፍት 90 ቀን ሲሆን ጡት ብቻ እንድታጠባ የምትመከረው ደግሞ ስድስት ወር ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት ማስታወቂያው ያውቀዋል፤ ስብከት ብቻውን አይሞላውም። የታለበ ወተት ማስቀመጫና በሥራ ቦታ ማጥቢያ እንዲኖር መጠየቅም የሕክምናው ማኅበረሰብ ሥራ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን በባለሙያው እጅ ያለው መፈጸም ይገባዋል። የኩባንያ ቀን መቁጠሪያ ከግድግዳ ይውረድ፤ የሥልጠናና የስብሰባ ወጪ ከአምራቾች አይጠየቅ፤ በነጻ የሚቀርብ ዱቄት ወተትም ወደ ማዋለጃ ክፍል አይግባ። «ወተቴ አልበቃውም» ብላ ለመጣች እናት የዱቄት ስም ከመጻፍ በፊት ሕፃኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲጠባ ይታይ፤ አጎራረሱ ይስተካከል፤ ክብደቱ ይመዘን፤ በቀን ስንት ጊዜ ሽንቱን እንደሚሸና ይጠየቅ። ይህ ሩብ ሰዓት ወይም ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። የተጨናነቀ ክሊኒክ ይህን ጊዜ ማግኘት እንደሚያዳግተው ይታወቃል፤ ሻጩም የሚተማመነው በዚሁ ነው። በሦስተኛው ቀን የተጨነቀች እናት ከአንድ ሰው መልስ ታገኛለች፤ ከባለሙያው ካላገኘች ከቆርቆሮው ታገኛለች።