የምድር ውስጥ ኤሌክትሪክና የስንጥቅ ካርታ

እንፋሎት ባለበት አገር ጕድጓድ ከመቆፈሩ አስቀድሞ የመሬቱን ስንጥቅ መፈለግ ያስፈልጋል፤ ሙቅ ውሃ ወደ ላይ የሚወጣው በአብዛኛው በስንጥቅ ነውና። ለዚህ ከሚመሰገኑት ዘዴዎች አንዱ ምድር በራሷ የምታወጣውን ኤሌክትሪክ መለካት ነው። ዘዴው ርካሽ ነው፤ የመዳብ ሰልፌት የተሞሉ ሁለት የሸክላ ኤሌክትሮዶች፣ ረዥም ሽቦና አንድ ቮልቲሜትር ይበቁታል። ኮርዊንና ሁቨር በ1979 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ ዘዴው ለእንፋሎት ፍለጋ እንደሚረዳ አስረድተዋል። ጥቅሙን እኛም አንክድም። የምንቃወመው ከዚህ መለኪያ የተገኘውን ካርታ ያለ ሌላ ማስረጃ የስንጥቅ ካርታ ብሎ መጥራትን ነው።

ምክንያታችንም ይህ ነው። ውሃ በድንጋይ ቀዳዳዎች ሲያልፍ የኤሌክትሪክ ሙል ይዞ ይሄዳል፤ የሙቀት ልዩነትም እንዲሁ ቮልቴጅ ይፈጥራል። ስለዚህ መሣሪያው የሚያነበው የውሃንና የሙቀትን ጕዞ ነው። በሸክላ አፈር ወይም በሲሊካ የተደፈነ ስንጥቅ ዝም ሊል ይችላል፤ ቁልቁለት የሚወርድ ቀዝቃዛ የዝናብ ውሃ ግን ስንጥቅ በሌለበትም ምልክት ይሰጣል።

ነገሩን በጌዴኦ እንመዝነው። ዲላ በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ጠርዝ ላይ ትገኛለች። ምድሩ ከአባያ ሐይቅ ዳር፣ ከ1200 ሜትር በታች ተነሥቶ በጌዴኦ ደጋ ከ2500 ሜትር በላይ ይደርሳል። ከፍታ ሲጨምር ቮልቴጁ ብዙ ጊዜ ወደ ኔጌቲቭ ያዘነብላል። የሸለቆው ጠርዝ ስንጥቆችም በጠቅላላው ከቁልቁለቱ ግርጌ ጋር ጎን ለጎን ይዘረጋሉ፤ እንግዲህ የቁልቁለቱ ምልክትና የስንጥቁ ምልክት በአንድ መስመር ላይ ይደራረባሉ ማለት ነው። በዚህም ላይ በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበው የጌዴኦ ምድር እንሰት፣ ቡናና ታላላቅ ዛፎች በአንድነት የሚበቅሉበት ነው፤ የሥሮቹ ውሃ መሳብም ንባቡን ይለውጣል።

የስሕተቱ ዋጋ ቀላል አይደለም። በአሉቶ ላንጋኖ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ስምንት ጥልቅ ጕድጓዶች ሲቆፈሩ ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ያሳዩት በስንጥቁ መስመር ላይ ያሉት ኤል ኤ 3ና ኤል ኤ 6 ናቸው። ጥቂት ኪሎ ሜትር መሳት ብዙ ገንዘብ ያስከፍላል።

ስለሆነም አንዱ መስመር በበጋና በክረምት እንዲለካ፣ የከፍታው ድርሻ ተሰልቶ እንዲቀነስ፣ የምንጮች ሙቀት እንዲመዘገብ፣ ውጤቱም ከማግኔቶቴሉሪክ ጥናትና ከድንጋዩ ምርመራ ጋር እንዲነጻጸር እናሳስባለን። ከዚህ ሁሉ በኋላ በቦታው ጸንቶ የሚገኝ ምልክት ቢኖር፣ ያን ጊዜ በካርታው ላይ የስንጥቅ መስመር ቢሰመር አንቃወምም።