የቲር ከተማና የነፃነቷ ጥያቄ

ጭቆናን በኪነ ጥበብ መግለጽና ጭካኔን ማሳየት አንድ አይደሉም። ጅራፍ፣ ሰንሰለትና ደም ለአፍታ ያስደነግጣሉ፤ ሆኖም ገራፊው ለምን እንደሚገርፍ፣ ማን እንደሚያበላው፣ ተገራፊውም ምን ቢያደርግ የገራፊው እጅ እንደሚዝል ካልታወቀ፣ ድንጋጤው ወዲያው ይበርዳል። በልቦለድም ሆነ በተውኔት ይህ የቆየ ችግር ነው። የሚና ጨዋታ በተባለው ዘመን አመጣሽ የጥበብ ዘርፍ ግን ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል፤ ምክንያቱም በዚህ ዘርፍ ታዳሚው ተመልካች ሳይሆን ራሱ ባለ ድርሻ ነው።

የሚና ጨዋታ በታተመ መልኩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን «ዱንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተሰኘውን ሥራ ሲያወጡ ነው። ጥቂት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። አንዱ የጨዋታው መሪ ሆኖ ዓለሙን በቃል ይገልጻል፤ ሹሙንም፣ ነጋዴውንም፣ ዘበኛውንም ወክሎ ይናገራል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዙና ምን እንደሚል፣ ምንስ እንደሚሠራ ይወስናሉ። ውጤቱ አጠራጣሪ በሚሆንበት ጊዜ በዳይስ ይለያል። አስቀድሞ የተጻፈ ቃለ ተውኔት ስለሌለ፣ ነዳፊው የሚያበረክተው ዋና ነገር ታሪክ ሳይሆን ሥፍራ ነው። በሌላ አነጋገር ከተማው ራሱ ድርሰቱ ነው ማለት ይቻላል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ1991 ቲ.ኤስ.አር. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያሳተመው «ዳርክ ሰን» ነው። ነዳፊዎቹ ቲሞቲ ብራውንና ትሮይ ዴኒንግ ሲሆኑ፣ መልኩን የሰጠው ሠዓሊ ብሮም ነው። ዓለሙ አታስ ይባላል። ፀሐዩ ደም የመሰለ፣ ምድሩ አሸዋና አለት ነው። በዚያ ምድር አስማት ኃይሉን የሚያገኘው ከዕፅዋት ሕይወት ነው፤ አስማተኛው ካልተጠነቀቀ አፈሩ አመድ ሆኖ ይቀራል። ምድረ በዳው የተፈጥሮ ቁጣ ውጤት አይደለም፤ በሥልጣን የተሠራ ነው። ይህ አንድ ሐሳብ ብቻውን የሥራውን ክብደት ያመለክታል። በአካባቢው ሰባት ከተሞች በጠንቋይ ነገሥታት ሥር ይተዳደራሉ፤ ከእነዚህም አንባቢው አስቀድሞ የሚተዋወቃት ካላክ የተባለው ንጉሥ ከሺህ ዓመት በላይ የገዛት ቲር ናት።

የቲር አነዳደፍ ብርታቱ ጭቆናውን እንደሚሠራ መኪና፣ ብሎኑን ሳይቀር ለይቶ ማሳየቱ ነው። በአታስ ብረት ብርቅ በመሆኑ የጦር መሣሪያው ከአጥንት፣ ከእንጨትና ከድንጋይ ይሠራል፤ መገበያያው ገንዘብም የተተኮሰ ሸክላ ነው። ቲር ግን የብረት ማዕድን አላት። ስለዚህ የንጉሡ ጉልበት ከየት እንደሚመነጭ፣ ጎረቤት ከተሞችም ለምን ዓይናቸውን እንደሚጥሉባት ተጫዋቹ ሳይነገረው ይረዳዋል። የውሃ ጥማት ገጸ ባሕርይን እንዴት እንደሚያደክምና እንደሚገድል በደንብ ተለክቶ ተቀምጧል፤ እናም ውሃ ጌጥ ሳይሆን የዕለት ስሌት ነው። ማንበብና መጻፍ ለመኳንንትና ለሹማምንት ብቻ የተፈቀደ ሲሆን፣ ለሌላው ወንጀል ነው። ቴምፕላር የሚባሉት ሹማምንት ግብር ይሰበስባሉ፣ ሕዝቡን ይጠብቃሉ፣ ይፈርዳሉም፤ የሚሠሩበት ምትሐታዊ ኃይል ሳይቀር ከንጉሡ የሚሰጣቸው ነው። ንጉሡ ከወደቀ እነርሱም ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የሚለው የአገራችን አባባል ያለበትን ሥርዓት ነዳፊዎቹ በሹመት፣ በብረትና በፊደል ተርጉመው አስቀምጠውታል።

ከዚህም የሚበልጠው ቁም ነገር ሥርዓቱ ስንጥቅ ያለው መሆኑ ነው። ካላክ ዓላማውን ለማንም ሳይገልጽ ዚጉራት የተባለ ግዙፍ ባለ ደረጃ ግንብ ያሠራል። ለግንቡ ጉልበት ሲያጣ የመኳንንቱን ባሮች ከእርሻ ላይ ይነጥቃል። ባሪያ ሲነጠቅ እርሻው ጦም ያድራል፤ እርሻው ጦም ሲያድር እስከ ትናንት የሥርዓቱ ተጠቃሚ የነበረው መኮንን ዛሬ ያኮርፋል። ከተማውን የሚያፈርሰው ኃይል ከውጭ የመጣ ሠራዊት ሳይሆን የገዛ ራሱ ስግብግብነት የወለደው ቅራኔ ነው። በአንድ ወገን የባሪያ ተፋላሚዎች፣ በሌላው ያኮረፉ መኳንንት፣ በስውርም ምድሩን ሳያቃጥሉ አስማት የሚሠሩ ሰዎች ኅብረት አለ። ተጫዋቹ ከእነዚህ አንዱን ከሌላው ጋር ማገናኘት ይችላል። ጥሩ የጨቋኝ ከተማ ንድፍ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፤ ግድግዳው እውነተኛ ክብደት አለው፣ እጅ የሚገባበት ሥፍራም አለው።

ታዲያ ይህን ያህል የታሰበበት ከተማ በጨዋታ ሲፈተን ምን ደረሰበት? በዚያው በ1991 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. «ነፃነት» የተባለ ጨዋታ በዴቪድ ኩክ ደራሲነት ወጣ። ተጫዋቾቹ ተይዘው ባሪያ ይሆናሉ፤ በግንቡ ሥራ ላይም ይሰማራሉ። አጀማመሩ ብርቱ ነው፤ ድካምን፣ ጥርጣሬንና በባልንጀራ ላይ መታመንን ከውስጥ ያሳያል። ግንቡ ሲመረቅ በሚደረገው የትግል ትርዒት ላይ ግን ንጉሡን የሚመቱት ተጫዋቾቹ ሳይሆኑ፣ ትሮይ ዴኒንግ በዚያው ዓመት ባሳተመው ልቦለድ ውስጥ የተፈጠሩት ጀግኖች ናቸው። ጦሩን የሚወረውረው ሪከስ የተባለው ተፋላሚ ነው። ተጫዋቾቹ በድንጋጤ የሚተራመሰውን ሕዝብ ለማዳን ይሯሯጣሉ፤ ታላቁ ድርጊት ግን በሌላ መጽሐፍ ተጽፎ አልቋል።

ለዚህ አሠራር መከላከያ የሚያቀርቡ አሉ። በታሪክ ታላላቅ ለውጦች ወቅት አብዛኛው ሰው የመጨረሻውን ምት አልሰነዘረም፤ ጎረቤቱን ከእሳት ያወጣም ጀግና ነው ይላሉ። ይህ ክርክር ሚዛን የሚደፋ ነገር አለው፤ ባሪያ የነበሩ ገጸ ባሕርያት እርስ በርስ ሲደጋገፉ የሚታይበት ክፍል የሥራው ምርጥ ክፍል ነውና። ነገር ግን ጥያቄው ተጫዋቾቹ ትንሽ ወይም ትልቅ ሥራ መሥራታቸው አይደለም። ጥያቄው የሠሩት ሥራ ውጤቱን ሊለውጥ ይችል ነበር ወይ የሚለው ነው። ቢተባበሩም ቢከዳዱም፣ ቢነቁም ቢተኙም ንጉሡ በተቀጠረለት ሰዓት ይወድቃል። እንግዲህ ስሙ ነፃነት የሆነው ሥራ ተጫዋቹን ከአንድ ጌታ አውጥቶ ለሌላ ጌታ፣ ማለትም አስቀድሞ ለታተመው ልቦለድ፣ አስረክቦታል።

የሥራው ፈጣሪዎች ከድሉ ማግስት ያለውን ችግር አልዘነጉትም፤ ይህም ሊመሰገን ይገባል። በልቦለዱ መጨረሻ ዙፋኑን የሚይዘውና የባሮችን ነፃ መውጣት የሚያውጀው ቲቲያን፣ ራሱ ከካላክ ከፍተኛ ሹማምንት አንዱ የነበረ ነው። አዋጁ የወጣው ከላይ ነው፤ ያወጀውም እጅ ትናንት ጅራፍ ይዞ ነበር። በ1992 በወጣው ተከታይ ልቦለድ የኡሪክ ከተማ ጦር ቲርን ለመያዝ ይዘምታል፤ የምትፈለግበትም ምክንያት ያው ብረቷ ነው። ንጉሡ ሲሞት የማዕድኑ ጉድጓድ አልሞተም ማለት ነው። በ2010 በሌላ አሳታሚ የወጣው አዲስ ዝግጅት ደግሞ ታሪኩን ከካላክ ሞት በኋላ ይጀምራል። ነፃ የወጣች፣ ግን ያልተረጋጋች ከተማ ለተጫዋቹ ተሰጠች፤ ማን ማዕድኑን ይቆፍር፣ በምን ደመወዝ፣ እህሉን ማን ያከፋፍል የሚለውም መልስ ለእርሱ ተተወ። በዚህ ረገድ የኋለኛው ንድፍ ከፊተኛው ጨዋታ የበለጠ ተጫዋቹን ያምናል።

ስለ ሥዕሉም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። የብሮም ሥዕሎች ለአታስ የማይረሳ መልክ ሰጥተዋታል። ትኩረታቸው ግን ባመዛኙ በጡንቸኛው ተዋጊ ላይ ነው። ግንቡን የሚሸከመው፣ ጡብ የሚደረድረው፣ ውሃ የሚቀዳው ሰው በጽሑፉ ውስጥ የከተማዋ ምሰሶ ሲሆን በሥዕሉ ውስጥ ወደ ዳር ገፋ ብሏል። ባሪያ የመልክዓ ምድር ጌጥ ሲሆን ተመልካቹ ጭቆናን ከመጥላት ይልቅ በውበቱ ወደ መደሰት ሊያዘነብል ይችላል። ይህ አደጋ ከአንድ ሠዓሊ ሥራ ያለፈ፣ ምናባዊ ከተሞችን ለሚነድፉ ሁሉ የተደቀነ ነው።

ከቲር የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ጨቋኝ ከተማን የሚነድፍ ሰው ከግንቡ ቁመት በፊት የጉድጓዱን ቁልፍ ማን እንደያዘ፣ መዝገቡን ማን እንደሚጽፍ፣ ጌታው ያለ ማን ጉልበት አንድ ቀን ማደር እንደማይችል ማወቅ አለበት። እነዚህን ሲመልስ የጭቆናውን መኪና ይሠራል፤ የሚቆምበትንም ሥፍራ አብሮ ያገኛል። ከዚያ በኋላ የቀረው ሥራ ከሁሉም የሚከብደው ነው፦ እጁን ሰብስቦ ተጫዋቾቹ ያን ሥፍራ ራሳቸው እስኪያገኙት መጠበቅ። አስተማሪም ሆነ የተውኔት አዘጋጅ ይህን ትዕግሥት ያውቀዋል። ነፃነትን በተዘጋጀ መደምደሚያ ውስጥ ሰፍቶ የሚሰጥ ሥራ ስለ ነፃነት ሊናገር ይችላል፤ ሰውን ግን ነፃነትን አያለማምድም።