ሰምና ወርቁ የተለዋወጠበት የነፍጥ ግጥም

በየወሩ በ24 ቀን በአዲስ አበባ፣ በልደታ ክፍለ ከተማ፣ በተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የሚሰበሰበው ምእመን ብዙ ነው። ከቅጽሩ ውጭ ጧፍና ዕጣን፣ መዝሙርና ሥዕል ይሸጣል። የጻድቁ ሥዕል ለሁሉ የታወቀ ነው፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በአንድ እግራቸው ቆመው፣ በጸሎት ብዛት የተሰበረችው እግራቸው ከአጠገባቸው ወድቃ፣ ክንፍ ተሰጥቷቸው ይታያሉ። በእጃቸው ጦር የለም፤ በወገባቸውም ሰይፍ የለም። ከዚያው ከሥዕል ሻጩ ጥቂት እልፍ ብሎ ወደ መርካቶ በሚወስደው መንገድ ላይ ግን ወጣቶች በስልካቸው ሌላ ሥዕል ያያሉ። ማተቡን ያሰረ፣ ሰንደቅ ዓላማ የደረበ፣ በክላሹ ላይ መስቀል ያንጠለጠለ ጐበዝ ይሸልላል፤ በግጥሙም ውስጥ የእመቤታችን ስምና የጥይት ድምፅ አንድ ቤት ይመታሉ።

ይህን ዓይነት ግጥም ሰምቶ ደሙ የማይሞቅ ሰው ጥቂት ነው። ዜማው የአባቶች ነው፤ ቃሉም ከቤተ ክርስቲያን የተወሰደ ነው። ስለዚህም ነገሩን በችኰላ መንቀፍም ሆነ በችኰላ ማመስገን አይገባም፤ አስቀድሞ ቃሉ ከወዴት እንደ መጣና ወዴት እንደ ሄደ መመርመር ያስፈልጋል።

የቀረርቶ፣ የሽለላና የፉከራ ሥራ በቀድሞው ዘመን የታወቀ ነበር። ፎካሪው ዘራፍ ብሎ ይነሣል፤ የማን ልጅ፣ የማን አሽከር እንደ ሆነ ይናገራል፤ የጌታውን የፈረስ ስም ይጠራል፤ የጣለውን ጠላት ይቈጥራል፤ ግዳዩንም በጌታው ፊት ይጥላል። ነፍጥ በአገሩ እየበዛ ሲሄድ ውጅግራውና ምንሽሩ የጦሩንና የጋሻውን ስፍራ ወሰዱ። (ውጅግራ የሚለው ቃል ራሱ ግራ ከተባለው የፈረንሳዮች ጠብመንጃ ስም የወጣ ነው፤ የባዕድ አገር ዕቃ እንዲህ አድርጎ ያገሬው ባላባት የሆነበት ሌላ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።) ገጣሚው ጠብመንጃውን እንደ ወዳጅ ያቈላምጠዋል፤ እንደ ልጅ ይሰስትለታል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የእግዚአብሔር ስም የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በመሐላ ነው። ፎካሪው በማርያም ይምላል፤ በጊዮርጊስ ይምላል። መሐላውም በራሱ ላይ ነው፤ ባይዋጋ፣ ቢሸሽ ሊፈረድበት ነው። አምላኩን ከጠብመንጃው ጋር አያስተካክልም፤ በጠብመንጃው ላይ ምስክር ያደርገዋል እንጂ።

የቅኔ ቤት ልማድ ደግሞ ሌላ ነው። ባለቅኔው የጦርነትን ነገር አብዝቶ ይወስዳል፤ ነገር ግን ለሰም ነው። ንጉሥ ዘመተ፣ የጠላቱን ከተማ በዘበዘ፣ ምርኮኞችን አስመለሰ ይላል፤ ወርቁን ሲፈቱት ክርስቶስ በመስቀሉ ሲኦልን በርብሮ ነፍሳትን ማውጣቱ ይገኛል። የቅዱስ ጊዮርጊስም ጦር ሲፈታ እምነት ይሆናል። የመጻሕፍት መምህራንም የዳዊትን መዝሙር ሲተረጕሙ በወገብ የሚታጠቀውን ሰይፍ ወደ ቃልና ወደ መስቀል ይመልሱታል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች የጻፈው የጦር ዕቃ ሁሉ፣ ጥሩሩም ጋሻውም ራስ ቍሩም፣ የሚገጥመው ከሥጋና ከደም ጋር እንዳይደለ ተነግሮበታል። በዚህ ትምህርት ብረት ወደ ላይ ይወጣል፤ ወደ መንፈስም ይለወጣል።

የዛሬው የነፍጥ ግጥም ይህን መንገድ ገልብጦታል። መስቀሉን ሰም፣ ጠብመንጃውን ወርቅ አድርጎታል። ሰሚው ታቦት፣ ማተብ፣ ጸበል፣ ስእለት የሚሉትን ቃላት እየሰማ ሲሄድ መጨረሻ የሚደርስበት ፍቺ ክላሹ ነው። የግጥሙ ጕድለት እዚህ ላይ ነው፤ ጕድለቱም የእምነት ብቻ ሳይሆን የድርሰትም ነው። ሰም ከወርቅ ማነስ ሲገባው በልጦ ተገኝቷልና ፍቺው ባዶ ይሆናል። ከፍ ያለውን ይዞ ወደ ዝቅተኛው የሚወርድ ቅኔ በጉባኤ ቢቀርብ መምህሩ አይቀበለውም ነበር።

አንድ አንባቢ ግን ይህን ሲሰማ፣ ታቦትና ነፍጥ በዓድዋ አብረው አልዘመቱምን ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ዘምተዋል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ. ም. የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት ከሠራዊቱ ጋር ነበረ፤ አቡነ ማቴዎስም በዚያው ነበሩ። ሆኖም የዘመቻውን አዋጅ እንደ ድርሰት አድርጎ የሚያነብ ሰው ዐፄ ምኒልክ ነገሩን እንዴት እንዳስተካከሉት ያያል። አዋጁ አጭር ነው። ጠላት ባሕር አልፎ አገር ሊያጠፋ፣ ሃይማኖት ሊለውጥ መምጣቱን ይናገራል፤ ጕልበት ያለው እንዲከተል፣ ጕልበት የሌለው ግን በሐዘንና በጸሎት እንዲረዳ ያዛል። እንግዲህ ዘመቻና ጸሎት ሁለት ሥራዎች ሆነው ለሁለት ዓይነት ሰዎች ተከፍለዋል። ጸሎቱ ለነፍጡ ጌጥ አልተደረገም፤ ነፍጡም ጸሎት አልተባለም። በዚያ ዘመቻ ሙስሊሞችም መዝመታቸው ሳይዘነጋ ነው፤ አገርን ከአንድ ማተብ ጋር ብቻ የሚያስር ግጥም የነዚያን ሰዎች መቃብር ይረሳል።

ዓድዋን የሚጠቅስ ሰው ሰገሌንም ሊጠቅስ ይገባዋል፤ ሰገሌ ግን በግጥም ውስጥ ብዙ አይወደድም። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ. ም. በመስቀል በዓል፣ ልጅ ኢያሱ ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል ተብሎ በአዲስ አበባ ከሥልጣን ሲሻሩ፣ መኳንንቱን ከመሐላቸው የፈቱት አቡነ ማቴዎስ ነበሩ። ልክ አንድ ወር ሲሆን፣ ጥቅምት 17 ቀን የንጉሥ ሚካኤል ሠራዊትና የሸዋ ሠራዊት በሰገሌ ሜዳ ተገናኙ። በሁለቱም ወገን ማተብ ነበረ፤ በሁለቱም ወገን ካህን ነበረ። ከሬሳው መካከል የትኛው ለሃይማኖት፣ የትኛው ለዙፋን እንደ ወደቀ ለመለየት የሚችል አልነበረም። ከዚያም በፊት ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በጋፋት አሠርተው፣ ኢየሩሳሌምን ነጻ የማውጣት ሐሳብ ይዘው ሳለ፣ ጳጳሱ አቡነ ሰላማ በመቅደላ እንደ ታሰሩ በ1860 ዓ. ም. ዐርፈዋል።

ጠላትም በበኩሉ ይህንኑ ቋንቋ ያውቅ ነበር። በጥቅምት 1928 ዓ. ም. የሚላኖው ካርዲናል ሹስተር በካቴድራላቸው ሲሰብኩ፣ ኢትዮጵያን ሊወር የሄደውን የፋሽስት ጦር መስቀልን ተሸክሞ የሚሄድ አስመስለው አመስግነዋል። የጀርመን ወታደርም በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ነው የሚል ጽሑፍ በመታጠቂያው ዘለበት ላይ ነበረው። ኢትዮጵያዊ አንባቢ የካርዲናሉን ስብከት ሲያነብ ይቈጣል፤ መቈጣቱም ትክክል ነው። ነገር ግን ያው ንግግር በራሱ ቋንቋና በራሱ ዜማ ሲመጣለት አለመቈጣቱ የሚያስገርም ነው።

የዛሬዎቹ ሸላዮች ስማቸውን አብዝተው የሚጠሩት ሰማዕት አቡነ ጴጥሮስ ናቸው። ስለዚህ ስለ እርሳቸው ዘርዘር አድርጎ መናገር ይገባል። አቡነ ጴጥሮስ የሰላሌ ሰው፣ የተክለ ሃይማኖት ገዳም የደብረ ሊባኖስ መነኵሴ ነበሩ፤ በ1921 ዓ. ም. ከተሾሙት ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ናቸው። በሐምሌ 1928 ዓ. ም. አርበኞች አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ሲገቡ አብረው መጡ። እንግዲህ ከነፍጥ ርቀው የተቀመጡ ሰው ነበሩ ማለት አይቻልም፤ ነፍጥ ከያዙት ጋር ተጕዘዋል። እርሳቸው ግን የያዙት መስቀል ነበረ። ተይዘውም ለጠላት ተገዙ ብለው ሕዝቡን እንዲሰብኩ ሲጠየቁ እንቢ አሉ፤ ሕዝቡም ምድሪቱም ለጠላት እንዳይገዙ ገዘቱ፤ ሐምሌ 22 ቀንም በጥይት ተገደሉ። በዚያን ሰዓት ጠብመንጃው በገዳዮቻቸው እጅ እንጂ በእርሳቸው እጅ አልነበረም።

ስለ እርሳቸው የተጻፉት ሁለት የታወቁ ድርሰቶች ይህን አልሳቱም። ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው የደም ድምፅ ብለው ሲሰይሙ፣ ስሙ የሚያስታውሰው ከምድር ወደ እግዚአብሔር የጮኸውን የአቤልን ደም ነው፤ ይህም የተገዳይ ድምፅ እንጂ የገዳይ ፉከራ አይደለም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ደግሞ ጴጥሮስ ያችን ሰዓት በተባለው ሥራው ጳጳሱን በሞት ፊት አቁሞ ከእመቤታችን ጋር ያነጋግራቸዋል። የሚያሰማቸውም አቤቱታ ነው፤ አገሬን ለምን ተውሻት የሚል የልጅ ቅሬታ። ከዚህ ሁሉ ቃል ውስጥ ሰማይን በራሱ ወገን አሰልፎ የሚኵራራ የለም። የሥራውም ኃይል ከዚህ የመጣ ነው። የአሁኑ ሸላይ ይህን ሰው ወስዶ ከክላሹ አጠገብ ሲያቆም ድርሰቱን አላነበበም ያሰኛል፤ ወይም አንብቦ የሚጠቅመውን ብቻ ቀድቷል።

ስለ ግዝትም አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። በዚያው በጠላት ዘመን የጎጃሙ ጳጳስ አቡነ አብርሃም ለጣሊያን ገብተው በእርሱ ሹመት የቤተ ክርስቲያኒቱ አለቃ ተባሉ፤ የእስክንድርያም ሲኖዶስ አወገዛቸው። ሁለቱ ጳጳሳት በአንድ ዓመት የተሾሙ፣ አንድ ዓይነት መስቀል የያዙ ነበሩ። መስቀል ከመንግሥት ኃይል ጋር በታሰረ ጊዜ ወዴት እንደሚጐትተው አስቀድሞ አይታወቅም።

ይህ ነገር ያለፈ ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለታሪክ ጸሓፊ መተው ይቻል ነበር። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ. ም. በሰሜን በሆነው ጦርነት በሁለቱም ግንባር አንዲቱን ጽዮን ማርያምን የሚለምኑ ልጆች ተገዳደሉ። የጦርነቱም ቍስል ወደ ቤተ ክህነት ገብቶ፣ የትግራይ አባቶች ከሲኖዶሱ ተለይተው በ2015 ዓ. ም. በአክሱም የራሳቸውን ኤጲስ ቆጶሳት እስከ መሾም ደረሱ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በመከላከያ ሠራዊትና በፋኖ መካከልም ውጊያ በዛ። አራሹ በሬውን ሽጦ ጠብመንጃ የሚገዛበት አገር ነው፤ በሠርግና በልቅሶም ጥይት ይተኰሳል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 1177/2012 ይህን በፈቃድና በምዝገባ ሊገድብ ወጥቶ ነበር፤ ነገር ግን የሚጠብቀው እንደሌለ የሚያምን ሰው ጠብመንጃውን በአዋጅ አያስረክብም። ይህን ፍርሃቱን መናቅ ተገቢ አይደለም። ቤቱን የሚጠብቅ ሰውና ቤቱን መጠበቁን ቅዳሴ ነው የሚል ገጣሚ ግን አንድ አይደሉም።

ገጣሚው የማያስበው ሌላ ጕዳትም አለ። ነፍጠኛ የሚለው ቃል ቀድሞ የነፍጥ ባለቤት የሆነውን ወታደር የሚያመለክት ነበር፤ በኋለኛው ፖለቲካ ግን አንድን ሕዝብና አንዲትን ቤተ ክርስቲያን በጅምላ መወንጀያ ሆነ። ይህ ክስ ሐሰት ነው ብለው የሚከራከሩ ሰዎች ሞልተዋል። ነገር ግን መስቀሉን በጠብመንጃ ሰደፍ ላይ አስሮ የሚዘፍን ሰው ለከሳሹ ማስረጃ ጽፎ ይሰጠዋል። ዕዳውን የሚከፍለው ደግሞ ዘፋኙ አይደለም፤ በሩቅ አገር፣ ከሌላ ሕዝብ መካከል፣ ጠብመንጃ ሳይኖረው በአንዲት ትንሽ አጥቢያ የሚያገለግል ቄስ ነው።

የቀደሙት አባቶች በዚህ ነገር ከሸላዩ ይልቅ ጠንቃቆች ነበሩ። ቅዱስ ባስልዮስ በጦር ሜዳ የገደለውን ሰው እንደ ነፍሰ ገዳይ አልቈጠረውም፤ ሆኖም እጁ ንጹሕ አይደለምና ሦስት ዓመት ከቍርባን ቢርቅ ይሻላል ብሎ መከረ። ይህ ፍርድ ተዋጊውን አይኰንነውም፤ ነገር ግን ከጦር ሜዳ ወደ መቅደስ በፉከራ እንዳይገባ በደጅ ያቆመዋል። ጌታም በጌቴሴማኒ የማልኮስን ጆሮ የቈረጠውን ሐዋርያ ሰይፉን ወደ ሰገባው እንዲመልስ አዘዘው፤ ያም ሐዋርያ የሰማዕቱ ጳጳስ ሞክሼ ነበር።

ፉከራ ገዳይን ይሻል፤ ያልገደለ ሰው በፉከራ ውስጥ ስፍራ የለውም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ. ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የጣሉትን አስጠግተዋል ተብለው የደብረ ሊባኖስ መነኰሳት በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ተይዘው ተገደሉ። ግራዚያኒ ራሱ ወደ ሮም ባስተላለፈው ወሬ በመጀመሪያው ቀን ብቻ የቈጠራቸው መነኰሳት 297 ናቸው፤ ኋላ የመረመሩ ሰዎች የሟቾችን ቍጥር ከዚህ ብዙ እጥፍ ያደርሱታል። የተረሸኑት ላጋ ወልዴ በተባለ ስፍራ ነው፤ ዕለቱም ግንቦት 13፣ የአባታቸው የተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም በተከበረ ማግሥት ነበር። ከነዚህ ሰዎች አንዱን አንሥቶ ዘራፍ የሚል ሸላይ ምን ብሎ ይገጥማል? ግዳይ የላቸውም፤ የጠብመንጃቸው ስም የለም። ስለ እነርሱ መናገር የሚፈልግ ባለቅኔ ሌላ ዜማ መፈለግ ይኖርበታል።