ስለ ለዘበ ቃልና ስለ ጊዜው

መጽሐፈ ምሳሌን ከሚያነቡ ብዙዎቹ፥ ቃሉ ጣፋጭ ይሁን እንጂ ጊዜው ምንም ቢሆን ግድ የለም የሚሉ ይመስላሉ። ሌሎችም፥ ነገሩ እውነት ከሆነ ዘንድ በማናቸውም ጊዜ ቢናገሩት ነውር የለበትም ይላሉ። ንባቡን ለመረመረ ሰው ግን ሁለቱም ወገኖች እኩሌታውን ይዘው እኩሌታውን እንደ ተዉ ይገለጥለታል።

የነገሩ መሠረት በምዕራፍ ፳፭ ቍጥር ፲፩ ነው። በዚያ ስፍራ ጠቢቡ በሚገባ የተነገረውን ቃል በወርቅ ፍሬ ይመስለዋል። የዕብራይስጡ ንባብ ፍሬውን በብር ጌጥ ላይ ያኖረዋል፤ ሰባው ሊቃናት ወደ ጽርእ የመለሱት ግን በሰርድዮን ዕንቍ ድሪ ላይ ያደርገዋል። በሚገባ ያልነው የዕብራይስጥ ቃል እንዲህ ባለ መልክ በሌላ ስፍራ ስለማይገኝ፥ በጊዜው ብለው የሚፈቱት አሉ፤ አንድም በመንኰራኵሩ ይሉታል። በማናቸውም ቢፈታ ወርቁ ብቻውን አልተመሰገነም፤ ከተቀመጠበት ጌጥ ጋራ ተመሰገነ እንጂ።

ደግሞም ይህ ምዕራፍ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር የመጽሐፈ ተግሣጽ መጀመሪያ ነው፤ እስከ ፳፬ ያለው ምሳሌ፥ ከ፳፭ እስከ ፴፩ ያለው ተግሣጽ ይባላልና። እንግዲህ የለዘበ ቃል ተግሣጽን የሚያስቀር አይደለም፤ የተግሣጽ በር ነው እንጂ።

ጣፋጭነት ብቻውን እንዳይበቃ ያው መጽሐፍ በምዕራፍ ፳፯ ቍጥር ፲፬ ይመሰክራል፤ ወዳጁን በማለዳ ተነሥቶ በታላቅ ድምፅ የሚመርቀውን ሰው ከሚራገም ይቈጥረዋልና። ምርቃቱ መልካም ነበረ፤ ሰዓቱ አበላሸው። እውነትም ብቻውን እንዳይበቃ የኢዮብን ወዳጆች እንመልከት። ፯ ቀንና ፯ ሌሊት በምድር ላይ ከእርሱ ጋራ ዝም ብለው ሲቀመጡ አጽናኞች ነበሩ። አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ግን ከተናገሩት ብዙው በሌላ ስፍራ እውነት የሚባል ሲሆን በቍስለኛው ላይ ድንጋይ ሆነ፤ በፍጻሜውም የእግዚአብሔር ቍጣ አገኛቸው።

ምናልባት፥ ጊዜ መጠበቅ የፈሪ ሰው ማመካኛ አይሆንምን የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሲራክም በሚያድንበት ሰዓት ቃልን መከልከል እንዳይገባ አስተምሯል። ለዚህ መልሱ በሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ ፳፭ ከአቢግያ ታሪክ ይገኛል። ዳዊት ፬፻ ሰዎች አስከትሎ ደም ሊያፈስ ሲወርድ አልዘገየችም፤ ፈጥና በመንገድ ተገናኘችው፥ በግንባርዋም ተደፍታ በለዘበ ቃል ከበቀል መለሰችው። ወደ ቤትዋ ስትመለስ ግን ባልዋን ናባልን ሰክሮ አገኘችውና የወይን ጠጁ እስኪለቀው፥ ሌሊቱም እስኪነጋ ድረስ ምንም አልነገረችውም። አንዲት ሴት በአንድ ቀን ለአንዱ ቸኰለች፥ ለሌላው ዘገየች። ጊዜን ማወቅ መዘግየት ብቻ አይደለምና፤ የሚሰማውን ሰው ልብ ማወቅ ነው።

ሮብዓም ግን ጊዜ አላጣም ነበር። ሕዝቡ ቀንበሩን ያቃልልልን ብሎ በለመነው ጊዜ ፫ ቀን ቀጠሮ ሰጠ፤ ሽማግሌዎቹም መልካም ቃል እንዲመልስ መከሩት። የጐልማሶቹን ምክር መርጦ በጽኑ ቃል ቢመልስ ዐሥሩ ነገድ ከዳዊት ቤት ተለዩ። ስለ አንድ መልስ የተከፈለ መንግሥት እንደ ቀድሞው ተመልሶ አልተጋጠመም።

እናንተም በሰው ላይ የተሾማችሁ፥ ነፍስንም የምትጠብቁ ሆይ፥ ለምኖ በደጃችሁ የቆመ፥ አዝኖም በፊታችሁ የተቀመጠ ሰው ከቃላችሁ አስቀድሞ ፊታችሁን ያነባል። ልትገሥጹት ቢገባ ገሥጹት፤ ነገር ግን ወርቁን ከመስጠታችሁ በፊት የምታኖሩበትን ጌጥ መርምሩ።